ሥራ ለቅቆ፣ ቀን ሳይቆርጡ መንገድ መግባት፦ ድፍረት ወይስ ሽሽት?

አወያይ፦
የዛሬው ጉዳያችን ይኸውና። የማውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ደህና ሥራ አላቸው፣ ልጅ ገና አልወለዱም። በቅርቡ ድንገት ተነሱና «ሥራ ለቅቀን፣ ዕቃችንን ሸጠን፣ መመለሻ ቀን ሳንቆርጥ ዓለምን ልንዞር ነው» አሉ። ምን ነካችሁ ሲባሉ «ፈርተን መኖር ሰለቸን» ነው መልሳቸው። ከወዳጅ ዘመድ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ራሱን ያዘ። እናንተስ? «ዋው ደስ ሲል» ብሎ ማለፍ የለም። ምክንያት ይዛችሁ ኑ። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

መንገደኛው፦
ይሂዱ! ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው «ነገሮች ይስተካከሉና» እያለ ነው። ነገሮች ደግሞ ተስተካክለው አያውቁም። ሄርማን እና ካንዴላሪያ ዛፕ የሚባሉ አርጀንቲናውያን ባልና ሚስት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከቦነስ አይረስ ሲነሱ ሐሳባቸው በስድስት ወር አላስካ መድረስ ነበር። የያዟት መኪና በ1928 የተሠራች ግራሃም ፔጅ ናት። ከእነሱ ዕድሜ በላይ የኖረች አሮጌ። ገና ኢኳዶር ላይ ኪሳቸው ባዶ ሆነ። ሥዕል እየሠሩ እየሸጡ ቀጠሉ። ስድስት ወር የተባለው ጉዞ 22 ዓመት ወሰደ። 102 አገር ረገጡ፣ በጉዞው ዘመን አራት ልጅ ወለዱ፣ በ2022 ቤታቸው ገቡ። ኢኳዶር ላይ ፈርተው ቢመለሱ ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።

ሒሳብ ይቅደም፦
ወንድሜ፣ ታሪኩ ያምራል። ግን የተሳካላቸውን ብቻ ነው የጠራህልን። ኢኳዶር ላይ ገንዘብ ያለቀባቸውና ተበድረው የተመለሱ ጥንዶችን ማን ይጽፍላቸዋል? ሎተሪ የወጣለትን ሰው አሳይቶ «በሉ ሎተሪ ግዙ» እንደማለት ነው። ደግሞ ዛፖች ዝም ብለው አልተነሱም። ሥራም ነበራቸው፣ ጉዞውንም ለዓመታት ሲያስቡት የኖሩ ናቸው። ድንገት የሚመስለው ከውጭ ለሚያይ ነው።

እኔ አትሂዱ አላልኩም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። የመመለሻ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል ወይ? የሁለት ሰው ቲኬት፣ ከዚያ ሥራ እስኪገኝ የሚያኖር። ያ ገንዘብ ጉዞው ላይ የማይነካ መሆን አለበት። ይህ ከሌለ ድፍረት አትበሉት። ዕዳው የቤተሰብ ነው የሚሆነው።

መንገደኛው፦
እቅድ እቅድ ትላላችሁ፣ እቅድ እኮ መንገድ ላይ ይፈርሳል። ከአላስካ እስከ አርጀንቲና የሚወርደው ፓን አሜሪካ የሚባለው አውራ ጎዳና እንኳን ፓናማና ኮሎምቢያ መካከል ዳሪየን ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ጫካና ረግረግ ነው። መንገድ የለም። ምን ታደርጋለህ? እዚያው ትፈታዋለህ።

ሒሳብ ይቅደም፦
ካርታ ያየ ሰው ዳሪየን ላይ አይደነግጥም 😄 መኪናው በመርከብ እንደሚሻገር ከመነሳቱ በፊት ያውቃል፣ የማጓጓዣውን ዋጋ ጠይቆ ይይዛል። ምሳሌህ ለእኔ ነው የመሰከረው።

ፈሪ ነኝ፦
ስሜ ላይ እንደምታዩት ነኝ። ስለ ገንዘብ አልናገርም። ሁላችሁም «እነሱ» ትላላችሁ፣ እንደ አንድ ሰው። ለመሆኑ መጀመሪያ «እንሂድ» ያለው ማነው? ባልና ሚስት እኩል አይደፍሩም፣ እኩልም አይፈሩም። አንዱ ይጓጓል፣ ሌላው እንዳይከፋው ብሎ ይከተላል። ከዚያ ሰው በማያውቃቸው አገር፣ ሌሊት፣ ማደሪያ ሳይገኝ ሲቀር ያ የተደበቀ ፍርሃት በቁጣ ይወጣል። «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይጀመራል። ቤት ብትሆን በሩን ዘግተህ እህትህ ጋ ትሄዳለህ። እዚያ ወዴት ትሄዳለህ? ያው አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ።

ሳይኮሎጂስቷ፦
«ፈሪ ነኝ» ያነሳሽው ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ጥንዶቹ «ፈርተን መኖር ሰለቸን» ያሏት ላይ ልምጣ።

ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመችው ሥራ አለ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር ብላ የጠራችው ሕፃን ጥንቸል ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ምን አደረገች? ልጁ ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር እየተጫወተ ሳለ ጥንቸሉን በሳጥን ውስጥ አድርጋ ከርቀት አስቀመጠችው። እያደር ትንሽ ትንሽ አቀረበችው። መሃል ላይ ልጁ ታሞ ሆስፒታል ተኛ፣ ሲወጣም ትልቅ ውሻ አስደነገጠው፤ ፍርሃቱ ተመለሰ። እንደገና ከርቀት ጀመረች፤ አሁን ግን ልጁ የሚወደውን እየበላ ሳለ ነው። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉ ጣቱን በቀስታ ሲነክሰው ዝም ብሎ ያይ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። የምንሸሸው ነገር እያደር ይበልጥ ያስፈራናል፤ ስለዚህ «ቤት ቁጭ በሉ» ማለት መድኃኒት አይደለም። ግን ደግሞ ጥንቸሉን ባንዴ ልጁ ጭን ላይ አልወረወረችውም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ያለ ቦታ ማስያዣ ይጓዙ። ከዚያ አንድ ወር። ቤቱን ሳይለቁ፣ ሥራውን ሳይተዉ።

መንገደኛው፦
ይህንን እቀበላለሁ፣ በግማሽ። ጥንቸሉን በመጨረሻ የነካው ልጁ ራሱ ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ቀስ በቀስ» እያለ ሳጥኑን ከርቀት ሲያይ ይሞታል። ደግሞ የአንድ ሳምንት ጉዞ እረፍት ነው። ምንም አያስተምርህም፣ ምክንያቱም ሰኞ እንደምትመለስ ታውቃለህ።

ቪዛ ጠባቂ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። «ያለ እቅድ መጓዝ» የሚባለው የጠንካራ ፓስፖርት ቅንጦት ነው። ለሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ ፈቃድ፣ የሚያመለክት ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የት እንደሚያድር፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ ባንክ ውስጥ ምን እንዳለው ያሳያል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያቀርባል። ከሥራህ የተሰጠህን ደብዳቤ አምጣ ይሉሃል። ሥራ ለቅቀህማ ከየት ታመጣለህ? በድንገት ልነሳ ብትል እንኳ ሕጉ አይፈቅድልህም። ቪዛ የማይጠየቀው መንገደኛም ቢሆን ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 በላይ እዚያ መቆየት አይችልም። ብዙ አገር ደግሞ ፓስፖርቱ ከገባህ በኋላ ስድስት ወር የሚቀረው ካልሆነ አያስገባም።

ባልና ሚስት ፓስፖርታቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ጉዱን እዩ። አንዷ ማኅተም ተመታላት አለፈች። እሱ «እዚህ ጋ ቆይ» ተባለ። እሷ ከመስታወቱ ማዶ ሁለት ሻንጣ ይዛ ቆማለች፣ እሱ ስለ ሥራውና ስለ መመለሻ ቲኬቱ ይጠየቃል። ይህ በየድንበሩ ነው። ያኔ «ፍርሃትህን አሸንፍ» በሉት እስቲ። የእሱ ፍርሃት ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ አይደለም፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሳይኮሎጂስቷ፦
በዚህ አልከራከርም። ትክክል ነህ። ያ ፍርሃት ሰነድ እንጂ ሕክምና አይፈልግም።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ ነው። ጉንተር ሆልቶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ነበረ። በአየር መንገድ ትልቅ ኃላፊነት ላይ የነበረ ሰው ነው። አምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ሥራውን ትቶ በአንድ ጂ ክላስ መርሴዲስ መንገድ የጀመረው። ክሪስቲን ከምትባል ባልንጀራው ጋር ሆነው ለሃያ ዓመት ያህል ተጓዙ፤ ብዙውን ሌሊት እዚያው መኪና ውስጥ ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ክሪስቲን በካንሰር ሞተች። እሱ ፎቶዋን መኪናው ውስጥ ሰቅሎ እስከ 2014 ቀጠለ። በጠቅላላው 900,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

«ጡረታ ስንወጣ እንሄዳለን» ለምትሉ ልንገራችሁ። እኔ አሁን ጊዜም ገንዘብም አለኝ። ጉልበቴ ግን ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ እንዳድር አይፈቅድልኝም። ሒሳብ ይቅደም ያልከው ልጅ፣ ሒሳብህ ውስጥ ጉልበትን አስገባው።

ሒሳብ ይቅደም፦
እሺ ጋሼ፣ ይህቺን ተቀብያለሁ። ግን እርስዎም አዩት፣ ሰውየው አምሳ ዓመት እስኪያልፈው ሠርቶ ነው የወጣው። ባዶ እጁን አልነበረም።

አዲስ ሙሽራ፦
ፍቅርን ስለሚያጠናክረው ነገር ማንም አላነሳም! አርተር አሮን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። ጥንዶችን በአንድ በኩል እጅ ለእጅ፣ እግር ለእግር አሰሯቸው። ከዚያ ትራስ በሰውነታቸው መሃል ይዘው፣ በእጅ ሳይነኩት፣ ፍራሽ ላይ እየዳሁ መሰናክል እንዲሻገሩ አደረጉ። አዲስና አስደሳች ነገር አብረው የሠሩት ስለ ግንኙነታቸው የነበራቸው ስሜት አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው የተሻለ ሆነ። ጉዞ ማለት በየቀኑ እንዲህ ነው።

ፈሪ ነኝ፦
የኔ እህት፣ እሱ ሰባት ደቂቃ ነው። ሰባት ደቂቃማ እኔም እታሰራለሁ። ሁለት ዓመት እሰሩኝና ትራሱን ማን ላይ እንደምወረውር ታያላችሁ 😂

አዲስ ሙሽራ፦
😂😂 እሺ ተሸነፍኩ። ለጊዜው።

ድንገተኛ ክፍል፦
የሕክምና ባለሙያ ነኝ፣ አጭር ነገር ልበል። ሰው የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው። ለጉዞ የሚነሱ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ እባብ፣ ስለ ዘራፊ፣ ስለ አውሮፕላን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ገዳይ እሱ ነው። ወጣት ጥንዶቻችን እዚያው መሃል ናቸው። ስለዚህ ሊፈራ የሚገባው ያለ ሄልሜት የተከራዩት ሞተርና እንቅልፍ የተጫነው የሌሊት ሾፌር ነው። ብዙ የጉዞ መድን ደግሞ የሞተር መንጃ ፈቃድ ሳይኖርህ ብትወድቅ አይከፍልም። ውሉን አንብቡ። ደቃቋን ጽሑፍ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ከ2016 ወዲህ አንዴ ከተከተቡ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ በየአሥር ዓመቱ ማደስ ቀርቷል።

መንገደኛው፦
እንዲህ ያለውን ፍርሃት እኔም አልጠላም። የምጠላው «ሰው ምን ይለናል» የሚለውን ነው። ግማሹ «አትሂዱ» የሚመጣው ከዚያ ነው፣ እመኑኝ። ዘመድ የሚጨነቀው ስለ መድን ውል አይደለም። «እኩዮቻቸው ቤት ሲሠሩ እነዚህ ይዞራሉ» መባሉ ነው የሚያሳፍረው።

ቪዛ ጠባቂ፦
ለአንዳንዱ ልክ ነህ። እናት ግን የምትጨነቀው ስለ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። ልጇ ስልክ ሳያነሳ ሁለት ቀን ሲያልፍ ማን ጋ እንደምትደውል ስለማታውቅ ነው። መንገዳቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ይተዉ።

ፈሪ ነኝ፦
ጥያቄዬን ማንም አልመለሰውም። ማን ነው መጀመሪያ «እንሂድ» ያለው?

ሚስትየዋ፦
አወያዩ ሊንኩን ልኮልን ነው። እኔ ነኝ። እንሂድ ያልኩት እኔ፣ የፈራው እሱ። ያልተናገረው ፍርሃት እንዳለው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ተነጋግረናል። የመመለሻ ገንዘቡ በሱ ስም ነው የተቀመጠው። «በቃኝ» ካለ በቃን ነው፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም። እሱም ይህን ካወቀ ወዲህ ካርታ ማየት ጀምሯል። ሥራዬን እለቃለሁ። እሱ ግን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቆ ስድስት ወር ሰጥተውታል። ስለዚህ «ቀን ሳንቆርጥ» የተባለው እውነቱን ለመናገር ግማሽ ነው።

ሒሳብ ይቅደም፦
እህቴ፣ ይህንን ቀድመሽ ብትነግሪን ግማሹ ክርክር ባልተነሳ ነበር። መድኑስ?

ሚስትየዋ፦
ገና ነው።

ድንገተኛ ክፍል፦
ባለቤትሽ የሞተር መንጃ ፈቃድ አለው?

ሚስትየዋ፦
የለውም። ሞተር ግን ይወዳል።

ድንገተኛ ክፍል፦
እንግዲህ አንቺ ንጂው፣ ፈቃድ ካለሽ። ከሌለሽ አውቶቡስ። የቀን።

ፈሪ ነኝ፦
እኔ አሁንም አልሄድም። እሷ ግን ትሂድ።