አባቴና አጎቴ በፕሮስቴት ካንሰር ታመዋል፤ ቫይታሚን ኢ እና ሴሌኒየም መውሰድ እኔን ይከላከልልኛል?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

አባቴ በ61 ዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሙም ከእሱ በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ እኔ ዘንድሮ 47 ሞላኝ። ባለቤቴ ነገሩ ስላሳሰባት አንዱ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ሌላው 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም የያዘ ሁለት ብልቃጥ ገዝታልኝ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር እየዋጥኩ ነው። ጎጃም ላለው ታናሽ ወንድሜም በመንገደኛ ልልክለት አዘጋጅቻለሁ። ሰው ሁሉ «ቫይታሚን ባይጠቅምም አይጎዳም» ይለኛል። ይህ እውነት ነው? ለበሽታው ይበልጥ በተጋለጡ ወንዶች ላይስ በወጉ ተፈትኖ ያውቃል?

መልስ፣ ከፋርማሲስት

ወንድሜ፣ የያዟቸው ሁለት እንክብሎች መጠናቸው ሳይቀር ሴሌክት በተባለው ትልቅ ጥናት ተፈትነዋል። ተስፋው የመጣው ለሌላ ዓላማ ከተደረጉ ሁለት ጥናቶች ነበር። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የሳንባ ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ቫይታሚን ኢ ወይም ቤታ ካሮቲን ሲሰጣቸው፣ ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ዘንድ የፕሮስቴት ካንሰር በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቆዳ ካንሰር ታመው ለነበሩ ሰዎች የተሰጠው ሴሌኒየም ለቆዳቸው ባይጠቅምም፣ የፕሮስቴት ካንሰር በመካከላቸው ቀንሶ ታየ። ሳይፈለግ የተገኘ ውጤት ግን በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ራሱን ችሎ መፈተን ነበረበት።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ከ35,000 በላይ ወንዶች በዕጣ ተመድበው፣ አንዳንዶቹ ከሁለቱ አንዱን፣ ሌሎቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ እንክብል ወሰዱ። አደጋው በጥቁሮች ላይ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ እነሱ ከ50 ዓመታቸው፣ ሌሎች ከ55 ጀምሮ ነበር የሚገቡት። በ2008 ጥቅም እንደማይገኝበት ሲታወቅ እንክብሉ ቆመ፤ ክትትሉ ግን ቀጠለ። በ2011 የወጣው ውጤት ከባድ ነበር፤ አምሳያውን ከወሰዱት 529 ሰዎች ሲታመሙ፣ ቫይታሚን ኢ ብቻ ከወሰዱት ግን 620 ታመሙ፤ ይህም የ17 በመቶ ጭማሪ ነው። «አይጎዳም» የሚለውን ቃል እኔ ከዚያ ወዲህ አልናገርም።

መልስ፣ ከአንድ አዛውንት

ልጄ፣ እኔ በዚያ ጥናት ውስጥ ነበርኩ። ስገባ ደም ሰጠሁ፤ የእግሬንም ጥፍር ቆርጬ በትንሽ ከረጢት እንዳስረክብ ተጠየቅሁ፤ ለምን እንደሚፈልጉት ግራ ገብቶኝ ነበር። ለስድስት ዓመት አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። ከዚያ እንክብሉን እንዳቆም የሚያሳስብ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቆይቶም የደረሰኝ ቫይታሚን ኢ እንደነበር ተነገረኝ። እኔ እስካሁን ደኅና ነኝ፤ ስለ እነዚያ ስለታመሙት ግን አሁንም አስባለሁ። በመግባቴ አልጸጸትም፤ እኛ ባንፈተን ኖሮ ዛሬም ሰው ሁሉ ይውጠው ነበርና።

መልስ፣ ከፋርማሲስት

አባባ፣ ጥፍርዎ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ሴሌኒየም እንደተከማቸ ከጥፍር ይታወቃል። በ2014 የታተመው ትንተና እንዳሳየው፣ ቀድሞውኑ ብዙ ሴሌኒየም የነበራቸው ወንዶች በላዩ ሲጨምሩ አደገኛው ዓይነት ካንሰር በእጥፍ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ጭማሪ አሳየ፤ ቫይታሚን ኢ ደግሞ የጎዳው ሴሌኒየም ያነሳቸውን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በእህል ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ ስላሳዩ፣ ወንድምዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ሳይታወቅ ከሁለቱ አንዱንም መላክ አይገባም።

ይበልጥ ስለተጋለጡት ለጠየቁት፣ ካናዳ ውስጥ ካንሰር ሳይሆን ወደዚያ ሊያመራ የሚችል የሕዋስ ለውጥ በናሙና የተገኘባቸው 303 ወንዶች ለሦስት ዓመት አኩሪ አተር፣ ቫይታሚን ኢ እና ሴሌኒየም በአንድነት ወይም አምሳያውን ወስደው፣ በሁለቱም ወገን ከአራት ሰው አንዱ ያህል ታሟል። ልዩነት አልነበረም። የእርስዎ ስጋት ከዘር የመጣ ነውና በትክክል አንድ ባይሆንም፣ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አላየሁበትም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እንደ እርስዎ ላለ ሰው የሚመክረው ከ45 ዓመት ጀምሮ የፕሮስቴት ካንሰርን ምልክት ስለሚፈልገው ፒኤስኤ ስለተባለው የደም ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገርን ነው፤ እርስዎ ሁለት ዓመት ዘግይተዋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባም እርስዎም። ለመንገደኛው የሰጠሁትን ጥቅል ዛሬ ማታ መልሼ ተቀብያለሁ፤ ለሐኪሜም ስልክ ደውዬ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ወንድሜ 44 ነው፤ እሱንም ባሕር ዳር ሄዶ ሐኪም እንዲያነጋግር ነግሬዋለሁ።