ከሽያጭ ወደ ንግድ ልማት ሥራ አስኪያጅነት፦ ኃላፊነቴ ከየት እስከ የት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ለ6 ዓመታት በሽያጭ ቡድን መሪነት ከሠራሁ በኋላ ካለፈው ወር ጀምሮ የንግድ ልማት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ተመድቤአለሁ። በምደባ ደብዳቤዬ ላይ የሰፈረው የሥራ ዝርዝር ግን «የድርጅቱን ገቢ የሚያሳድጉ አዳዲስ ዕድሎችን ማፈላለግ» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ዋና ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ የሚጠይቁኝ ስንት ውል እንደተፈረመ ሲሆን፣ የሽያጭ ክፍሉ በበኩሉ ደንበኞቹን ልነጥቀው የመጣሁ አድርጎ ያየኛል። ይህ የሥራ መደብ ከሽያጭ በምን ይለያል? በምንስ ልመዘን ይገባል? ውል ከተፈረመ በኋላስ ኃላፊነቴ ያበቃል ወይ? ልምድ ያላችሁ እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1

እንኳን ለአዲሱ ኃላፊነት አበቃዎት። በዚህ የሥራ መደብ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የገለጹት ችግር በእኔም ላይ ደርሷል።

የሽያጭ ባለሙያ ድርጅቱ ዛሬ በእጁ ያለውን ምርት ወይም አገልግሎት ፍላጎቱ ለታወቀ ደንበኛ ያቀርባል፤ የንግድ ልማት ሥራ አስኪያጅ ግን ድርጅቱ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ምን፣ ለማን፣ ከማንስ ጋር ተባብሮ እንደሚሸጥ አጥንቶ መንገዱን ይከፍታል። የአስተዳደር ምሁሩ ኢጎር አንሶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የዕድገት አማራጮች ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ ጥሩ መነሻ ነው፦ ነባሩን ምርት በነባሩ ገበያ በስፋት መሸጥ፣ ነባሩን ምርት ወደ አዲስ ገበያ መውሰድ፣ ለነባሩ ገበያ አዲስ ምርት ማቅረብ፣ ወይም በአዲስ ምርት አዲስ ገበያ ውስጥ መግባት። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሽያጭ ክፍሉ ድርሻ ነውና፣ ይህን ወሰን በጽሑፍ ካሰፈሩት ቅሬታው በእጅጉ ይቀንሳል። የእርስዎ ትኩረት ቀሪዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ ከእነርሱም የመጨረሻው ምርቱም ገበያውም እንግዳ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የዕለት ተዕለት ሥራው ግን ከሠንጠረዥ ይልቅ በማዳመጥ ላይ የቆመ ነው። አንድ ጊዜ የዕቃ ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላስተዋውቅ ወደ አንድ ደንበኛ መጋዘን ሄጄ ነበር። ገለጻዬን ከመጀመሬ በፊት የመጋዘኑን ኃላፊ «ዕቃ ሲወጣ እንዴት ነው የሚመዘግቡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠርዙ የተበጣጠሰ ትልቅ መዝገብ አውጥተው በቀይ እስክሪብቶ የተከበቡ መስመሮችን አሳዩኝ፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ ሳለ የአንድ ሰው ፊርማ ሲጠብቅ 3 እና 4 ቀን የቆመባቸው ትዕዛዞች ነበሩ። ምዝገባው ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ትዕዛዝን በቶሎ የማጽደቂያ ሥርዓት ነበር። ገለጻዬን ሳልከፍት ተመለስኩ፤ ከምርት ክፍሉ ጋር ሆነን ያዘጋጀነው የማጽደቂያ አገልግሎት ከጊዜ በኋላ ለሌሎች ደንበኞችም ተሸጧል።

መልስ 2

እኔ የፋይናንስ ሰው ስለሆንኩ በመመዘኛው ላይ ብቻ ልናገር። በውል ብዛት ብቻ የሚመዘን ሰው ሳይታወቀው ትርፍ የሌለውን ውል ወደ መፈረም ይገፋል። ስለዚህ በሚያመጡት ሥራ የትርፍ ህዳግ (ከገቢው ወጪ ተቀንሶ በሚተርፈው ድርሻ)፣ በክፍያ ጊዜው እና በትንበያዎ ትክክለኛነት እንዲመዘኑ ይጠይቁ። ዋጋው 100 የሆነ ሥራ የመገኘት ዕድሉ 20 በመቶ ከሆነ በትንበያው ላይ መግባት ያለበት 20 ነው፤ እንዲህ ያሉ 5 ሥራዎችን ደምረው 500 ይገባል ብለው ሪፖርት ቢያቀርቡ፣ ድርጅቱ በማይመጣ ገንዘብ ሠራተኛ ሊቀጥርና ዕቃ ሊገዛ ይችላል። ለደንበኛ የ90 ቀን ዱቤ ፈቅደው አቅራቢዎቻችን በ30 ቀን የሚከፈላቸው ከሆነም፣ የመካከሉን 60 ቀን የሚሸፍነው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከፊርማው በፊት እኛን የፋይናንስ ሰዎችን ማማከር አለብዎት። የዋጋ ቅናሽ የመፍቀድ ሥልጣንዎ እስከ ስንት በመቶ እንደሆነም በደብዳቤ ይሰጥዎ።

መልስ 3

በመልስ 2 እስማማለሁ፤ ሆኖም ለሦስተኛው ጥያቄ ማንም አልመለሰም። እኔ በሥራ አፈጻጸም ክፍል ስለምሠራ፣ ውሉ ተፈርሞ በኢሜይል ሲላክልኝ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የንግድ ልማት ኃላፊ ለአንድ ደንበኛ በ30 ቀን እናስረክባለን ብሎ ፈርሞ ነበር፤ ሥራው በትክክል ሲሰላ ከ75 ቀን በታች አያልቅም ነበር። የመዘግየቱን ቅጣት ድርጅቱ ከፈለ፤ የደንበኛውን ቁጣ የተቀበሉት ግን ቃሉ ሲሰጥ ያልነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ኃላፊነትዎ በፊርማው አያበቃም። ሥራውን ከሚፈጽሙት ባለሙያዎች ጋር፣ በጽሑፍ ያልሰፈሩትን የቃል ተስፋዎች ጭምር የሚያስረዱበት የርክክብ ስብሰባ ያድርጉ፤ ለደንበኛው የሚደረገው የመጀመሪያው ርክክብ እስኪጠናቀቅም ከእርሱ አይራቁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዋና ሥራ አስኪያጁ የወጣ ጨረታ ሁሉ እንዳያልፈን ይፈልጋሉ። ይህ ጨረታ አይሆነንም ማለት የእኔ ድርሻ ነው?

መልስ 1

አዎን፣ እንዲያውም ከዋነኞቹ ኃላፊነቶችዎ አንዱ ነው። አንድ የጨረታ ሰነድ የቴክኒክና የፋይናንስ ባለሙያዎችን ጊዜ ለሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ከሚሆነን ሥራ ላይ የሚቀነስ ነው። እኔ ሰነዱ በተገዛ በማግሥቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ እጽፋለሁ፦ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ደንበኛውን እናውቀው ነበር ወይ? አስገዳጅ መስፈርቶቹን በሙሉ እናሟላለን? ብናሸንፍ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች በዚያ ጊዜ ነፃ ናቸው? ሊያሸንፍ በሚችለው ዋጋ ትርፍ ይተርፈናል? ከእነዚህ ሁለቱ እንኳ «አይደለም» ከተባሉ፣ እንዳንወዳደር ሐሳብ አቅርቤ ማስታወሻውን ለዋና ሥራ አስኪያጁ እልካለሁ። የመጨረሻው ውሳኔ የእርሳቸው ነው፤ ነገር ግን እንወዳደር ካሉ አደጋውን አውቀው መወሰናቸው በወረቀት ላይ ይኖራል።