ኡበር እየነዳሁ የምከፍለው ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ለእኔ ይደርሰኛል?

ጠያቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በፈረንጆቹ 2025)

ሰላም ለሁላችሁም። 53 ዓመቴ ነው። በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ ላይ በዲቪ መጣሁ። አራት ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ከ2016 ወዲህ ኡበር ነው።

ባለፈው ሳምንት ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፈትኩ። 34 ክሬዲት ይላል። 40 ካልሞላ ጡረታ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ቀን ከሌት ስሠራ ኖሬ እንዴት አልሞላም? ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ፓርኪንግ ሳለሁ ከደመወዜ 7.65 ከመቶ ይቆረጥ ነበር፣ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ይጨምራል። አሁን ሁለቱም እኔ ላይ ነው፣ 15.3 ከመቶ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው የነዳሁትን ማይል እንደ ወጪ ደርድሮ የዓመት ትርፌን 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ያወርደዋል። «ለማታውቀው ፈረንጅ ሽማግሌ ምን አስከፈለህ?» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እፈርማለሁ።

2033 ላይ ገንዘቡ ያልቃል ሲባልም እሰማለሁ። እድር በለው ይሉኛል። የእድሩን ዳኛ ግን አውቀዋለሁ፣ ድንኳኑንም አይቼዋለሁ። ይህን ማን ያሳየኛል? ልጅ የለኝም፣ ጧሪ ቀባሪ የለኝም። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ 1 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እኔም ታክስ ነው የምሠራው። ስለ ክሬዲቱ ልንገርህ። ክሬዲት የሚቆጠረው በነዳኸው ሰዓት አይደለም፣ ባሳወቅከው ትርፍ ነው። በ2024 አንዱ ክሬዲት 1,730 ዶላር ነበር፣ በዓመት ከአራት አይበልጥም። 4 ሺህ ካሳወቅክ ሁለት ብቻ ታገኛለህ። ፓርኪንግ 16፣ ኡበር ዘጠኝ ዓመት በሁለት 18። ይኸው 34።

የነዳኸውን ማይል መቀነስ መብትህ ነው። ለሥራ ያልነዳኸውን መጨመር ግን ጥፋት ነው፣ የሚጎዳውም አንተኑ ነው። ጡረታው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኘህባቸው 35 ዓመታት ነው። ያልሠራህበት ዓመት እንደ ዜሮ ገብቶ አማካዩን ይጎትተዋል። ደግሞ ስሌቱ ለትንሽ ደመወዝተኛ ያደላል። በ2025 62 ዓመት ለሚሞላው ሰው፣ ከወር አማካይ ገቢው የመጀመሪያው 1,226 ዶላር ላይ 90 ከመቶውን ይመልስለታል። ከዚያ በላይ ያለው ላይ 32 ከመቶ ነው፣ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ 15። እንደ አንተ ያለ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው።

ያልቃል ስለሚባለው። ገንዘቡ በስምህ የተቀመጠ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ለዛሬው ጡረተኛ ይከፍላል። ከጥንትም እንዲሁ ነው። በ1940 የመጀመሪያውን ወርሃዊ ቼክ የተቀበሉት አይዳ ሜይ ፉለር የተባሉ የቬርሞንት ሴት፣ በሦስት ዓመት ያዋጡት 24.75 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ቼካቸው 22.54 ዶላር ሆነ። መቶ ዓመት ኖሩ፣ እስኪሞቱ ተከፈላቸው። ግን በ1950 ለአንድ ተቀባይ ከ16 የሚበልጥ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ሦስት አይሞላም። ችግሩ እሱ ነው። በ2025 በወጣው የመንግሥት ግምት 2033 ላይ ያልቃል የተባለው የተጠራቀመው መጠባበቂያ ነው። ሕጉ ካልተስተካከለ ያኔም ከሚገባው 77 ከመቶ ያህሉ ይከፈላል፣ ዜሮ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣራ። ለግል ሠራተኛ ያለፈን ገቢ አርሞ ለማስመዝገብ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከ15 ቀን ነው። የ2022ቱ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 ድረስ ነው።

መልስ 2 (የሆም ኬር፣ ማለትም የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ እኔን ያመመኝ «የማታውቀው ፈረንጅ ሽማግሌ» የሚለው ነው። እኔ አውቃቸዋለሁ። ሆም ኬር ስሠራ 11 ዓመቴ ነው።

አሁን የምይዛቸው ሴትዮ 91 ዓመታቸው ነው። አስተማሪ ነበሩ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የመድኃኒት ሳጥናቸውን ነው። ሰባት ክዳን አለው፣ ለየቀኑ አንድ። ረቡዕ ጠዋት የማክሰኞው ክዳን ሥር ኪኒን ካገኘሁ ሆዴ ይርዳል። ከዚያ አጥቤ አለብሳቸዋለሁ። የሹራባቸውን ቁልፍ ግን ራሳቸው መቆለፍ ይፈልጋሉ። ጣታቸው እሺ አይላቸውም። ስድስት ቁልፍ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የመጨረሻውን ሲጨርሱ ቀና ብለው ያዩኛል። ያን እይታ በምን ልንገርህ?

አራት ዓመት ከኪሳቸው ከፈሉ። የቆጠቡት አለቀ። ብዙ አበሻ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ ሁሉን የሚከፍል ይመስለዋል። ሜዲኬር ሐኪም ነው፣ ሆስፒታል ነው። ለዓመታት በየቀኑ ማጠቡን፣ ማልበሱን፣ ማጉረሱን አይከፍልም። እሱን የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ አቅም ለሌለው የሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን፣ ነው፣ ያውም የራስህ ካለቀ በኋላ። ሜዲኬይድ ደግሞ የፌዴራልና የስቴት ታክስ ነው። ደመወዜ ከዚያ ይመጣል። በየወሩ ከእሱ ላይ ቀንሼ ደሴ ላለችው እናቴ እልካለሁ።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሲያርፍ የጡረታው ግማሽ ለእናቴ ተላለፈላት። ወሩ በገባ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ትቀበላለች። ኑሮው ቀድሞታል፣ አያደርሳትም። ግን «የአባትሽ ነው» ትላለች። እኔ የምልክላት ይበልጣል፣ የምትኮራው ግን በዚያችው ነው።

ጧሪ የለኝም አልክ። እኚህም ሴትዮ ልጅ የላቸውም። የሚጦራቸው የዚህ አገር ሠራተኛ ነው፣ አንተም አለህበት። ነገ አንተ ስታረጅ ቁልፍህን እስክትቆልፍ የሚጠብቅህ ሰው ያስፈልግሃል። እሱም ደመወዝ ሊከፈለው ይገባል።

መልስ 3 (አዲስ አበባ)

እኔ 71 ዓመቴ ነው። ዲሲ ውስጥ ጋራዥ 27 ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ልጄ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው እዚህም አይቀርብኝም፣ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆንኩ በየወሩ ባንክ ይገባል። ከመሄዴ በፊት እዚህ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር በመንግሥት ሥራ አገልግዬ ነበር። አሥር ዓመት ስላልሞላ ጡረታ አልተከበረልኝም። ሁለቱ አገሮች የአገልግሎት ዘመን የሚደማመርበት ስምምነት የላቸውም። ስምንት ወር ናት የጎደለችው። ስድስት ክሬዲት ጎድሎህ እንዳታቆም የምለው ለዚህ ነው።

ሜዲኬር ግን ባሕር አይሻገርም። አምና ልቤን ታምሜ አንድ የግል ሆስፒታል ስተኛ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ነው የከፈልኩት። ቢሆንም ፓርት ቢውን፣ የሐኪሙን ክፍል፣ አላቋረጥኩም። በ2025 በወር 185 ዶላር ይቆረጥብኝ ነበር። አቋርጬ ኋላ ልመለስ ብል፣ ለዘገየሁበት ለያንዳንዱ ዓመት 10 ከመቶ ቅጣት አለው። አገር ቤት ለመግባት የምታስብ ከሆነ ይህን ከወዲሁ አስላው።

ጠያቂው

እህቴ፣ «የማታውቀው ፈረንጅ ሽማግሌ» የሚለውን ቃል በማይሆን ቦታ ነው ያዋልኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ስለ ስምንቷ ወር ሳነብ ደነገጥኩ።

እውነቱን ልናገር። ከተቀነሰልኝ ማይል ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩበት አለ። ሪችመንድ ለሠርግ የወረድኩበትም አለ። ትናንት ማታ የኡበሩን መዝገብ አወጣሁና ከ2022 እስከ 2024 ካለው የሦስት ዓመት የታክስ ወረቀት ጋር አስተያየሁት። በትክክል ቢሠራ በየዓመቱ አራት አራት ክሬዲት ይሞላ ነበር። ሦስቱን ዓመት ባስተካክል ስድስት ይጨመራል፣ 40 ይሆናል። ዕዳና ወለድ ይመጣብኛል፣ በየወሩ እከፍላለሁ።

ደግሞ አሁን ነው ያወቅኩት። 34 ላይ ብቀር 65 ሲሞላኝ የሜዲኬር ፓርት ኤውንም፣ የሆስፒታሉን ክፍል፣ በነፃ አላገኝም፣ በ2025 ሂሳብ በወር 285 ዶላር ነበር። የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ ቅዳሜ ቢሮ ካለህ ወረቀቶቼን ይዤ ልምጣ?