ያገለገለ 40 ፈረስ የጀልባ ሞተር ልግዛ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ነው? እኔ ድሬ ነኝ፣ ጀልባዋ ግን ዝዋይ ከአጎቴ ልጅ ጋር ነው የምትሠራው። ያለን ሞተር 15 ፈረስ ጉልበት ነው፤ መረቡና ዓሣው ሲጫን ይንፏቀቃል። ከጅቡቲ የገባ ያገለገለ 40 አገኘሁ፣ ሻጩ «አዲስ በለው» ይላል።

መጋላ፦ አዲስ ከሆነ ለምን ይሸጠዋል? አቦ መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የጀልባዋን የኋላ ጣውላ እይ፤ የ40 ክብደት ከ15ቱ እጥፍ ገደማ ነው፣ በኋላ በኩል ውኃ ትጠጣለች። ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) አስፈትተህ የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) አስለካ፣ ቁጥሩ ከተራራቀ ተወው።

ሳቢያን፦ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጠብ አድርገህ እይ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የባሕር ጨውም የማቀዝቀዣ መስመሩን ይደፍናል፤ የኔው አሥር ደቂቃ ሠርቶ ጋለና ቆመ፣ በመቅዘፊያ ነው የተመለስነው።

የከዚራ ልጅ፦ ኧረ ጉድ! ሲነሳ ያየሁት በቪዲዮ ነው።

መጋላ፦ አሙቀውት ይሆናላ። ሄደህ ቀዝቃዛውን ራስህ አስነሳ።