ከጅማ ጨበራ ጩርጩራ ከህፃናት ጋር የሄደ አለ?

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሚስቴንና ሁለት ህፃናት ይዤ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ዝሆን ላሳያቸው አስቤያለሁ፣ ግን ትንሿን ልጄን መኪና ያስመልሳታል፣ መንገዱ ለልጅ ይሆናል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሂድ ወንድሜ ምን ይቀራል! በጭዳ ከተማ አድርገህ ወደ አመያ ከተማ ነው የምትሄደው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዷን ሞልታ እንዳትነሳ፣ ደረቅ ዳቦ ስጣት፣ ፔስታል ከእጅህ አይጥፋ፣ በየመሀሉ እያወረድክ አናፍሳት፣ ከመሸ ግን በፍፁም እንዳትነዳ። ዝሆኑ ጫካ ውስጥ ስለሚውል ላይታይም ይችላል፣ ለልጆቹ ቀድመህ ንገራቸው። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ሳይኖር ከመኪና እንዳይወርዱ።

መልስ፦ አጎበር እንዳትረሱ በናታችሁ፣ ቆላ ነው ወባ አለ።

መልስ፦ ከከበዳችሁ በአዲስ አበባ መንገድ ወልቂጤ ሳትደርሱ ጊቤ ሸለቆ ፓርክ አለላችሁ። እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረግም ጉማሬ አለ፣ ብቻ ልጆቹን ከውሃው ዳር አርቁ።