ጥር ላይ የሠራነው እርከን ለምን ክረምቱን አይሻገርም?

የደጋው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በምዕራብ ጎጃም ደጋ ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የቀበሌው ሕዝብ ወጥቶ የአፈር እርከን ይሠራል፤ ነሐሴ ሲደርስ ግን አንዳንዱን ጎርፍ ጥሶት፣ ሌላውን የማሳው ባለቤት ራሱ አርሶት እናገኛለን። በስብሰባ ላይ ምክንያቱ ሁልጊዜ «የግንዛቤ ማነስ» ይባላል። አባቴ ግን ከእርከኑ በላይ ውሃ እየተኛ ገብሳቸውን ቢጫ እንደሚያደርገው፣ እርከኑም የአይጥ መደበቂያ እንደሆነ ይናገራሉ። ዝናቡ ዘግይቶ እየገባ በአንድ ጊዜ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ያለ እርከን የምንዘልቅ አይመስለኝም፤ ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?

የአፈር ባለሙያ፦
አባትዎ ትክክል ናቸው። በውሃ ልክ ተለክቶ፣ ወደ የትም ሳይዘቀዝቅ የሚሠራ እርከን ውሃ ለመያዝ የታሰበ በመሆኑ ለዝናብ አጠር አካባቢ ይስማማል፤ በእናንተ ደጋ ግን በ100 ሜትር ርዝመት እስከ 1 ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ብሎ ትርፉን ውሃ ወደ መውረጃ ቦይ ማድረስ አለበት። የኮንሶ ካብ እንኳ፣ በደረቅ አገር ሆኖ፣ ትርፍ ውሃ የሚለቅበት መንገድ አለው። በዚያው በጎጃም፣ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት ፋንያጁ የተባለ የእርከን ዓይነት፣ ዘቅዘቅ ተደርጎ ስለተሠራ ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ለውጦታል። ቦዩ ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ ተቆፍሮ ሣር ሊይዝ ይገባል፤ አለዚያ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። በዘመቻ የሚለካው የእርከን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቦዩን የሚያስታውስ የለም።

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦
ከብቱንም አትርሱ። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ልቅ ግጦሽ ከቀጠለ የትኛውም እርከን ተረግጦ ያልቃል። በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ተተክሎ ሳይሆን፣ ቦታው ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ፣ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ተመርጦ ስለተገረዘ ነው፤ ነዋሪዎቹም በማኅበር ተደራጅተው ሣሩን እያጨዱ ይጠቀማሉ። እናንተም በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ብትተክሉና አጭዳችሁ ብትመግቡ፣ እርከኑ የወሰደውን መሬት በመኖ ይከፍላል።

የደጋው ልጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ችግሩ ቦዩ የሦስት ሰው ማሳ ማቋረጡ ነው፤ ማንም መሬቱን ለጎረቤቱ ውሃ መስጠት አይፈልግም። የታችኛው ማሳ የእኛ ስለሆነ አባቴን አግባብቼ ዘንድሮ ከዚያ እጀምራለሁ፤ በቦዩ የሚበቅለውን ሣር እያንዳንዱ በድርሻው እንዲያጭድም ለሽማግሌዎቹ አቀርባለሁ።