ትከሻዬ አምስት ጊዜ ወልቋል፤ በካሜራ ልሠራው ወይስ በክፍት?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

24 ዓመቴ ነው፣ በረኛ ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ መጀመሪያ የወለቀው ለኳስ ስወረወር ነው። ወጌሻ ጎትቶ መለሰው። ሕመሙ ሲተወኝ የዳንኩ መስሎኝ በሦስተኛው ሳምንት ሜዳ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወልቋል። የመጨረሻው ሹራብ ሳወልቅ ነው። እጄ ከራሴ በላይ እንደተሰቀለ ቀረ። እናቴ እያለቀሰች ሹራቡን በመቀስ ቆርጣ አወጣችልኝ።

በኤምአርአይ የባንካርት ጉዳት ተገኘ። የትከሻውን ጉድጓድ ጠርዝ የሚከበው ላብረም የሚባል ለስላሳ ቀለበት ከፊት በኩል ከአጥንቱ ተላቋል ማለት ነው። አንዱ ሐኪም በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብተን መልሰን አጥንቱ ላይ እንሰፋዋለን አለኝ። ሌላው ግን የጉድጓዱ አጥንት ብዙ ተበልቶ ከሆነ ስፌት ብቻውን አይይዝም፣ ላታርዤ የሚባለው ክፍት ቀዶ ሕክምና ይሻላል አለ። እሱ ደግሞ ከትከሻ ፊት ትንሽ አጥንት ከነጅማቱ ቆርጦ ጠርዙ ላይ በብሎን ማሰር ነው። አጥንቱን ለመለካት ሲቲ ስካን ታዞልኛል።

በካሜራ ተሠርታችሁ ኳስ የተመለሳችሁ አላችሁ? እንደገና ወለቀባችሁ? ፊዚዮቴራፒው ስንት ወር ፈጀ? የአጥንት ሐኪሞች ካላችሁ ደግሞ፣ ሲቲው ሲወጣ ሐኪሜን ምን ብዬ ልጠይቀው? ማታ ማታ ይወልቅብኛል ብዬ መገላበጥ እንኳ ፈርቻለሁ።